መረቡ ያልያዛት ኳስ

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ቤዝቦል አሰልጣኝ ሲባል ሰው የሚያስበው ዋናውን አሰልጣኝ ነው። ጋዜጠኛ የሚያነጋግረው፣ ሲያሸንፍ የሚሞገሰው፣ ሲሸነፍ የሚባረረው እሱ ነው። እኔ ለዓመታት የቆምኩበት ቦታ ሌላ ነው። በአንደኛው ዲቪዥን የሚጫወት ቡድን ስንት አሰልጣኝ ሊኖረው እንደሚችል በመተዳደሪያ ደንብ ተወስኖ ነበር፤ አንድ ዋና አሰልጣኝ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ረዳቶች፣ ከእነሱ በታች ደግሞ አንድ «ፈቃደኛ ረዳት አሰልጣኝ»። ፈቃደኛው እንደ ሌሎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራ ነበር፤ መለያ ይለብስ ነበር፤ ከቡድኑ ጋር ይጓዝ ነበር። ደመወዝ ግን አልነበረውም። ኮሌጁ ልክፈለው ቢል እንኳ የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር አይፈቅድለትም ነበር። በሠራተኛ መዝገብ ላይ ስሙ ስለማይገባ በኮሌጁ በኩል የጤና ኢንሹራንስ አያገኝም ነበር። ተጫዋች ለመመልመል ከግቢ መውጣትም ተከልክሎ ነበር። ይህ ክልከላ ደመወዝ ከማጣቱ ባልተናነሰ ይጎዳው ነበር፤ ምክንያቱም የተሻለ ቦታ ላመልክት ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «እስካሁን ማንን መለመልክ?» ተብሎ ነበር።

ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ጨዋታውን የሚወድ ሰው ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ዛሬም እወደዋለሁ። የደረሰብኝን ለመናገር የተነሣሁትም ጨዋታውን ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ቦታ ላይ የሚቆሙ ወጣቶች ምን ተሸክመው እንደሚቆሙ በአማርኛ የነገረን ሰው ስለሌለ፣ ከእኛም ልጆች ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ስላሉ ነው።

ወደ ቨርጂኒያ የመጣሁት በልጅነቴ ነው። አባቴ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበር። የሰፈራችን የሐበሻ ልጆች እግር ኳስ ሲጫወቱ እኔን አንድ የስፖርት መምህር ጓንት አጠለቀልኝና ጓንቱ ከእጄ ሳይወልቅ ቀረ። እናቴ ልታየኝ የመጣች ቀን ዱላውንና ኳሱን አይታ የገና ጨዋታ መሰላት፤ «እዚህ አገር ገናን የሚጫወቱት በፋሲካ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ደግሞ የናሽናልስ ቤዝቦል ቡድንን ጨዋታ በታክሲው ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ቤዝቦል የሚያውቅ ተሳፋሪ ባገኘ ቁጥር እየጠየቀ፣ ሕጉን ከእኔ በላይ አወቀው። ኮሌጅ በፒቸርነት፣ ማለትም በኳስ ወርዋሪነት ገባሁ። ትከሻዬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲከዳኝ ከሜዳው መራቅ አልቻልኩምና ማሰልጠን ጀመርኩ። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ በበጋ ለሕፃናት በሚሰጠው የቤዝቦል ካምፕ ጥቂት ገንዘብ አገኝ ነበር፤ ቀኑ ግን የቡድኑ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረው አሰልጣኝ የፍሎሪዳ ስቴቱ ማይክ ማርቲን ነው። 40 የውድድር ዘመን አሰልጥኖ 2,029 ጨዋታ አሸንፏል፤ በኮሌጅ ቤዝቦል ታሪክ ያን ያህል ያሸነፈ የለም። የብሔራዊው ሻምፒዮና መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ወደሚካሄድባት ወደ ኦማሃ ቡድኑን 17 ጊዜ ወስዷል። ዋንጫውን ግን አንድም ጊዜ ሳያነሳ እ.ኤ.አ. በ2019 ጡረታ ወጣ። ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ ግን ከሱ የሙያ ዘመን የወሰድኩት ሌላ ነው፤ ሰው ዋንጫ ሳይነካ ዕድሜውን ሙሉ በየማለዳው ሜዳ ላይ ቢገኝ፣ የቀረጻቸው ልጆች ሥራው ናቸው።

የፈቃደኛ ረዳት ዋና ሥራ መወርወር ነበር። የኮሌጅ ተጫዋች በየቀኑ ኳስ መምታት አለበት፤ ለዚያም የሚወረውርለት ሰው ያስፈልጋል። የሚወረውር ማሽን አለ፤ ነገር ግን መቺው ጊዜውን የሚለካው ከወርዋሪው ትከሻና እጅ ስለሆነ ማሽኑ ብቻውን አይበቃም። በጨዋታ ሰዓት ፒቸሩ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። ለልምምድ ግን ወደ 12 ሜትር ያህል ተጠግተን ነው የምንወረውረው። የኮሌጅ ዱላ ከአሉሚኒየም ወይም ከኮምፖዚት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ኃይሉን የሚቀንስ መለኪያ ወጥቶለታል፤ ያም ሆኖ ጠንካራ ልጅ በደንብ ካገኛት 145 ግራም ገደማ የምትመዝነው ኳስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ትመለሳለች። በዚህ ፍጥነት 12 ሜትር የሚያልቀው ከሰከንድ ሢሶ ባነሰ ጊዜ ነው። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ፈርዶ፣ አንገት ዘወር እስኪል ኳሷ ደርሳለች።

ስለዚህ በወርዋሪው ፊት በብረት ፍሬም ላይ የተወጠረ መረብ ይቆማል። የላቲኑን ኤል ፊደል ይመስላል፤ አንደኛው ጎኑ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሌላው ጎኑ ወገብ ላይ ያበቃል። እንደ እኔ በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው በዝቅተኛው በኩል ይለቃትና ወዲያው ከረጅሙ መረብ ጀርባ ይገባል። ይህን በቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ስታደርገው ሰውነትህ ይለምደዋል፤ መረቡ መኖሩን ትረሳለህ። የእኛ መረብ ግን አርጅቶ ነበር። በረጅሙ በኩል፣ ከጆሮዬ ትይዩ፣ ገመዱ ተበልቶ የመረቡ ዐይኖች ሰፍተው ነበርና አንድ ሰው በጫማ ማሰሪያ ሰፍቶታል። እንዲቀየር ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ አመለከትኩ። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታያል የሚል መልስ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ማርች ወር፣ ፀሐይ ወጥታ ንፋሱ ግን አጥንት በሚነካበት ከሰዓት በኋላ፣ ተራው የአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ ግራ እጅ መቺ፣ ረጅም፣ ትሑት። ችግሩ ዱላውን አንቆ መያዙ ነበር። የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ነጭ እስኪሆኑ ይጨብጠዋል፤ ክንዱ ሲደርቅ ኳሷ ከዱላው ላይ ትሞታለች። ሳምንታት ሙሉ «እጅህን አላላ» ስለው ቆይቻለሁ። ያን ቀን አላላው። እጁን ሲያላላ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ወረወርኩለት። በሕይወቱ ከመታቸው ኳሶች ሁሉ የጠራችውን መታት፤ ድምፁን አሁንም አስታውሰዋለሁ። ኳሷ የጫማ ማሰሪያውን በጥሳ ስታልፍ ግን አላየሁም። ቀኝ ጆሮ ግንዴን፣ ከጆሮዬ በላይ መታችኝ።

በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁና ተነሣሁ። ደም የለም። ዙሪያዬን ለቆሙት «ደህና ነኝ» አልኳቸው፤ የእውነትም ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ሲመጣ «እጅህን አየኸው? እንደዚያ ነው የምልህ» ብዬ አወራሁት። ሁሉም ሰው እፎይ ብሎ ልምምዱ ሊቀጥል ነበር። ያልተወችኝ የቡድኑ የጤና ባለሙያ ብቻ ናት፤ ከትምህርት ቤት ከወጣች ብዙም ያልቆየች ወጣት። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ ቀኑን፣ የምንገጥመውን ቡድን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ውጤት ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩ። በጣቷ ከጆሮዬ በላይ ያለውን አጥንት ዳሰሰችና ምንም ሳትናገር ስልኳን አወጣች። አምቡላንስ አያስፈልግም ያላት ሰው ነበር። እሷ ግን ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ጠራች።

ሐኪሞቹ በኋላ ያስረዱኝን በደንብ ልናገር፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ቤቱ ይዞት እንዲገባ የምፈልገው ይህን ነው። ጆሮ ግንድ ላይ ያለው አጥንት ከራስ ቅላችን ስስ ቦታዎች አንዱ ነው። ከሥሩ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል፤ ደሙም በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሰውየው ይናገራል፣ ይሄዳል፣ ይስቃል። ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ግን አንጎሉ ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ ካልተደረሰለት ይሞታል። ታዋቂዋ ተዋናይ ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ የበረዶ ሸርተቴ ስትማር ወድቃ ደህና ነኝ ብላ ወደ ሆቴሏ ከተመለሰች በኋላ የሞተችው በዚህ ነው። ያቺ የጤና ባለሙያ ተማሪ ሳለች ይህን ሞት በክፍል ውስጥ ተወያይተውበታል። በሕይወት ያለሁት እሷ ስላስታወሰች ነው።

አምቡላንሱ ውስጥ ራሴን ያመኝ ጀመር። አስመለሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሰዎች ከነገሩኝ ነው። የራስ ቅሌን ከፍተው የረጋውን ደም አወጡ፤ ቧንቧውን ዘጉ፤ አጥንቱን መልሰው በቲታኒየም ሳህኖች አሰሩት። አባቴ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ እናቴን ከሥራ ወስዶ፣ በዚያው በታክሲው ሌሊቱን ነድቶ ደረሰ። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ተረኛ የነበረችው ነርስ የአገራችን ልጅ ናት። እናቴ በሩ ላይ ደርሳ እግሯ አልታዘዝ ሲላት ነርሷ ክንዷን ይዛ በአማርኛ «እማማ፣ ይግቡ፤ ልጅዎ እዚህ ነው» አለቻት። እናቴ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲነቃ ያውቀኛል?»

ነርሷ አላባበለቻትም። «እማማ፣ ይህን እኔም ዶክተሩም አሁን መናገር አንችልም። እጁን ይያዙትና ያናግሩት። ድምፅዎን ይስማ።»

እናቴ ወንበሩን በግራዬ በኩል አስጠግታ ውዳሴ ማርያም ደገመች። ሲደክማት ስለ ጎረቤት፣ ስለ አክስቴ፣ ስለ ወጥ፣ ያላትን ወሬ ሁሉ ነገረችኝ። ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የሷ ነው። ከግራ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ስንጥቁ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ኖሮ የቀኝ ጆሮዬ መስማት አልተመለሰም።

ከሞት መትረፍ አንድ ነገር ነው፤ ሂሳቡ ሌላ ነው። የሆስፒታሉ ዕዳ አባቴ በዓመታት የማያገኘው ገንዘብ ነበር። ከኮሌጁ አበባና ተጫዋቾቹ የፈረሙበት ካርድ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ በሠራተኞች የአደጋ ካሣ ልሸፈን እንደማልችል፣ ተቀጣሪ እንዳልሆንኩ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ መጣ። በፍቅር የሠራሁበት ሜዳ በወረቀት ላይ አያውቀኝም ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደረቴ ይሞቃል፤ አልደብቀውም። ያቆመን የወገን እጅ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ዘርግተው ገንዘብ ሰበሰቡ። የእናቴ ዕድር ለሞት እንጂ ለሕመም እንደማይከፍል በደንቡ ቢጻፍም ተሰብስበው ደንቡን አሻሻሉ። ያቺው ነርስ ሆስፒታሉ አቅም ለሌለው ሕመምተኛ ዕዳ የሚሰርዝበት ክፍል እንዳለው ነግራ ቅጹን ከአባቴ ጋር ቁጭ ብላ ሞላች። አብዛኛው ተሰረዘልን። የቀረውን ስከፍል ዓመታት ፈጀ።

ልጁ የመጣው ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣሁ በኋላ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። አልገባም፤ አልተመለሰም። እናቴ አየችውና «ይህ ነው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፤ ግን እንዳት…» ስል አላስጨረሰችኝም። ተነሥታ ሄደች። እኔም አባቴም ምን እንደምታደርግ አላወቅንም። አንገቱን በሁለት እጇ ሳበችው፤ ቁመቱ ለሷ እንዲመች ጎንበስ አለላት፤ ግንባሩን ሳመችው። «ና ልጄ፣ ና ግባ» አለችው በአማርኛ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ከቤት ያመጣችው ሽሮና እንጀራ ነበረ። አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀምጣ አጎረሰችው። እንደዚያ ያለ ልጅ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ አፉ እንጀራ ይዞ ሳግ ሲተናነቀው አየሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተጎዳሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሜዳ ተመለስኩ። ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፤ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጌ። ስለ ቆቡ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ማይክ ኩልባው የተባለ የ35 ዓመት አሰልጣኝ፣ ቱልሳ ድሪለርስ ለሚባለው የታችኛው ሊግ ቡድን የአንደኛ ቤዝ አሰልጣኝ ሆኖ ሲሠራ፣ የተመታ ኳስ አንገቱን መትቶት ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በቤዝ አጠገብ የሚቆሙ አሰልጣኞች ሁሉ የራስ ቆብ እንዲያደርጉ ያስገደደው። አንዳንድ ሽማግሌ አሰልጣኞች አጉረመረሙ። እኔ ቆቤን ባጠለቅኩ ቁጥር ያን ሰውና የተዋቸውን ልጆቹን አስባለሁ።

ቁስሉ ድኗል። ሰውነቴ ግን ያቺን ከሰዓት አልረሳም። ዱላ ኳስ በመታ ቁጥር ጉልበቴ ይታጠፋል፤ እጄ ሳላዘው ወደ ጆሮ ግንዴ ይወጣል። ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንኳ። ጆሮዬ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱ ጆሮዎቻችን ተረዳድተው ነው፤ በአንድ ጆሮ ድምፁ ይሰማል፣ አቅጣጫው ግን ይጠፋል። ሜዳ ላይ ኳስ ወደ ሰው ስትሄድ ሁሉም «ተጠንቀቅ!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ጩኸቱን እሰማለሁ፤ ወዴት እንደምዞር አላውቅም። ይህን ለተጫዋቾቹ በግልጽ ነገርኳቸው። ሳልጠይቃቸው እርስ በርስ ተስማሙና እኔ ባለሁበት ሜዳ አጮኻቸውን ቀየሩ፤ «ግራ!»፣ «ቀኝ!»፣ «ኋላ!» እያሉ። እኔን ለመጠበቅ የፈጠሩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆችም ምክንያቱን ሳያውቁ እንደዚያ ይጮኻሉ።

ያ ልጅ ግን መምታት አቅቶት ነበር። ከሩቅ የሚያየው ሰው እጁ ከዳው ይላል። እኔ ሳየው ገባኝ፤ ኳሷን ሁሉ ወደ ቀኝ ሜዳ ይጎትታታል። መሐል የምትመጣውን ኳስ መሐል መመለስ እየቻለ አይመልስም። መሐል ላይ ሰው ስላለ። ዋናው አሰልጣኝ ከቡድኑ ሊያስወጣው ሲያስብ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

ማንም በሌለበት ማለዳ፣ ጣሪያ ባለው መለማመጃ ውስጥ ተገናኘን። አዲሱ መረብ እዚያ ቆሟል። በጀት የጠበቀው መረብ እኔ በወደቅሁ በሳምንቱ ተገዝቶ ነበር። ከጀርባው ቆሜ «መሐል ምታ፣ ወደኔ» አልኩት። «ኮች፣ አልችልም» አለኝ። እሺ፣ በቴኒስ ኳስ እንጀምር አልኩት። አንድ ባልዲ የቴኒስ ኳስ ይዤ መጥቼ ነበር። ወረወርኩለት፤ ወደ ቀኝ ጎተታት። ወረወርኩለት፤ እንደገና ወደ ቀኝ። ብዙ ከወረወርኩ በኋላ አንዷ አምልጣው ቀጥታ መጣች። ለስላሳ የቴኒስ ኳስ፣ አዲስ መረብ፣ በመካከላችን ብረት። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደወደቅሁ አላውቅም፤ ሁለት እጄ ጭንቅላቴ ላይ ነው።

ዱላውን ጥሎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «አንተም?» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ብዙ ቆየን። ልምምዱ አለቀ ብዬ ልነሣ ስል እሱ ቀድሞ ተነሥቶ ባልዲውን አነሣ፤ ወስዶ ከመረቡ ጀርባ አስቀመጠልኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

የቴኒስ ኳሱን ለረጅም ጊዜ አልተውነውም። ከዚያ ከላስቲክ የተሠራች፣ ከዚያ ደግሞ እውነተኛዋን። እኔ መንበርከኬን አልተውኩም፤ እሱ መምታቱን ተማረ። የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ፍርሃቱ እስኪሄድ አንጠብቅም። ስንሠራ ይሁን፣ ከጎናችን ይቀመጥ። ብዙ ሰው ከአደጋ የተረፈን ሰው «ፍርሃቴን አሸነፍኩ» ሲል መስማት ይወዳል። እኔ አላሸነፍኩትም። ከፈራ ተጫዋች ጋር እንዴት እንደሚቆም ያወቅሁት ግን ራሴ ስለፈራሁ ነው፤ የዛሬው አሰልጣኝነቴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዱላ ፊት የሚሸሽ ልጅ ሲያጋጥመኝ ጀግና ሁን አልለውም። ባልዲ አመጣለሁ።

የሙያዬ መንገድ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ተከፈተ። በሌላ ኮሌጅ ደመወዝ ያለው የረዳትነት ቦታ አገኘሁ፤ ፒቸሮችን ማሠልጠንና መመልመል ሥራዬ ሆነ። መመልመል ሲባል አብዛኛው ሂሳብ ነው። ለረጅም ዘመን የአንደኛው ዲቪዥን የቤዝቦል ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ሙሉ የትምህርት ዕድል 11.7 ብቻ ነበር፤ ያንንም ቢበዛ ለ27 ተጫዋች ከፋፍሎ። በቤዝቦል ኮሌጅን በነፃ የተማረ ልጅ ጥቂት ነው። የኛ ወላጆች ይህን አያውቁም፤ «ስኮላርሺፕ» የሚለውን ሲሰሙ ሁሉ ነገር የተከፈለ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በየሳሎኑ ቡና እየጠጣሁ ቁጥሩን በአማርኛ አስረዳለሁ። ከዚያ ጋር ስለ ጆሮ ግንድ አጥንት እነግራቸዋለሁ። ልጃችሁ ራሱን ተመትቶ ደህና ነኝ ቢላችሁ፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ጠዋት እናየዋለን ብላችሁ እንዳታስተኙት፤ በዚያው ሌሊት ውሰዱት እላለሁ። አንዳንድ እናት ጉንጬን እየዳሰሰች ታማትባለች። ደጋግሜ እናገረዋለሁ፤ አላፍርበትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ፈቃደኛ የነበሩ የቤዝቦል አሰልጣኞች ብሔራዊውን ማኅበር ፍርድ ቤት ከሰሱት። ክፍያችሁ ዜሮ ይሁን ብሎ በጋራ መወሰን ሕገ ወጥ ነው የሚል ነበር ክሱ፤ በኋላ በስምምነት አለቀ። ማኅበሩ ራሱ ደንቡን ቀይሮ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ «ፈቃደኛ ረዳት» የሚባለውን ቦታ በአንደኛው ዲቪዥን ሰረዘው፤ ቡድኖችም ሦስተኛውን ረዳት በደመወዝ መቅጠር ተፈቀደላቸው። ዜናውን የሰማሁት በጉዞ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የደወልኩት ለአባቴ ነው። «እንግዲያው የሚቀጥለው ልጅ ሲወድቅ ስሙ ይገኛል ማለት ነው» አለኝ። አዎ አባዬ፣ ቢያንስ እዚህ ዲቪዥን። በታችኞቹ ዲቪዥኖችና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን በነፃ ወይም በነፃ በሚቆጠር ገንዘብ የሚወረውሩ ወጣቶች ዛሬም በየሜዳው አሉ።

ያ ግራ እጅ መቺ አሁን በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነው። ማርች በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ ስለዚያ ቀን አናወራም፤ እናቴን ይጠይቃል፤ ስለ ልጆቹ ይነግረኛል። ዘንድሮ ሲደውል ትምህርት ቤቱ ለመረብ ትንሽ ገንዘብ እንደሰጠው ነገረኝና የትኛውን ልግዛ አለኝ። ከቁጥር 42 የሳሳ ገመድ እንዳትገዛ፣ ከቻልክ 60 ይሁን፣ ፍሬሙን ባለፈው ዓመት ፍሬም ተጠቀም፣ ገንዘቡን ሁሉ መረቡ ላይ አድርገው አልኩት። በየሰኞው ከልምምድ በፊት ዐይን በዐይን በእጅህ ዳስሰው፤ የላላ ካገኘህ ያን ቀን ማንም ከጀርባው አይቁም። ሁሉንም ጻፈው። ከዚያ በየስንት ዓመቱ ይቀየር ብሎ ጠየቀኝ፤ ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የሚያድር ከሆነ በየዓመቱ አልኩት።